ከሐይቅ እስከ አምባሰል በእግር

«እግረ መንገድ» የሚለውን ሐረግ ዘወትር እንገለገልበታለን። አንድ ሰው «እግረ መንገዴን ዘመድ ጠይቄ መጣሁ» ሲል ዋናው ጉዳዩ ሌላ እንደ ነበረና ዘመድ መጠየቁ በጉዞው መካከል የተገኘ ትርፍ መሆኑን ያስረዳል። በመኪና የሚጓዝ ሰው ይህ ትርፍ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ከመነሻው ተነሥቶ ከመድረሻው ይደርሳል እንጂ በመካከል ያለው አገር በመስኮት በኩል ሮጦ ያልፈዋል። በእግሩ የሚሄድ ግን ምንጩን ይጠጣል፤ የቦታውን ስም ይሰማል፤ ስሙ ከምን እንደ መጣም ይጠይቃል።

ይህን ጥቅም ተረድተው ለእግረኛ መንገድ የሚያሰናዱ አገሮች አሉ። ለምሳሌ ያህል በፈረንሳይ አገር አገልግሎታቸው ያበቃ የባቡር ሐዲዶች ተነቅለው፣ የቦይ ዳር መንገዶችም ተጠርገው፣ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የማይገባባቸው «አረንጓዴ ጎዳናዎች» ሆነዋል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ብቻ ይመላለስባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1681 ሥራው የተጠናቀቀውና 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሚዲ ቦይ ዳርቻ በከፊል እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ከለ ፑዊ ከተማ ተነሥቶ ወደ እስፓኝ የሚያመራው ጥንታዊ የተሳላሚዎች መንገድ ደግሞ እንደ ኮንክ ያሉትን፣ በመካከለኛው ዘመን በድንጋይ የተሠሩ መንደሮች እያገናኘ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ በዛፍና በቋጥኝ የተቀባ ነጭና ቀይ ምልክት ስላለ መንገደኛው ማንንም ሳይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ሊሄድ ይችላል።

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል የሚጓዝ እግረኛ ግን የሚመራው በቀለም ሳይሆን በሰው አፍ ነው። የሚያየው ታሪክ ከፈረንሳዮቹ መንደሮች ዕድሜ አያንስም። ልዩነቱ መንገዱም ታሪኩም የሚገኘው ለሚጠይቅ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሠራች ስትሆን ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከደሴ በብስክሌት ለሚነሣ ሰው አብዛኛው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ መመለሻውን ግን ከመነሣቱ በፊት ቢያስብበት ይበጀዋል። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ተለክቷል። በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከሐርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ ከርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር በአገሩ የሚተረት ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት በደል ደረሰባት። እግዚአብሔርም በግፉ ተቈጥቶ ልዕልቲቱን ከነወገኖቿ በውኃ አሰጠማቸው፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። የሥነ ምድር ባለሙያ ሌላ ምክንያት ይሰጥ ይሆናል። ተረቱ ግን ስለ ውኃው ባይነግረን እንኳ የአገሩ ሰው ግፍን እንዴት እንደሚመለከተው ይነግረናል።

በዚያ ደሴት ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በደብረ ዳሞ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደዚህ መጥተው ካስተማሩ ወዲህ ነው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በውል ከታወቀ የግእዝ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ የሚቈጠር ነው። እንግዲህ ይህ ገዳም ጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍትም ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ሐይቁንና ገዳሙን ጠቅሶ ጽፏል። በርሱ ዘመን ወደ ገዳሙ የሚገባው በታንኳ ነበር። ዛሬ ውኃው ስለ ሸሸ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ መንገደኛውም እግሩን ሳያርስ እስከ ደጁ ይደርሳል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም። የውኃው መሸሽ ለእግረኛው ቢመቸውም ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። በዙሪያው ያለው ተዳፋት እስከ ውኃው አፋፍ ድረስ የታረሰ በመሆኑ፣ ክረምት በመጣ ቍጥር ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ማረፊያው ሐይቁ ነው። በመኪና ያለፈ ሰው የሚያስታውሰው ሰማያዊውን ውኃ ነው። በእግሩ የዞረው ግን ከዝናብ በኋላ በየጅረቱ አፍ ላይ ውኃው እንዴት እንደሚደፈርስ ያያል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ የአምባሰል ምድር ይጀምራል። እዚህ ላይ መንገድ የመጠየቅን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ወጣቱ ሽማግሌ ሲያገኝ አስቀድሞ «እንደምን ዋሉ አባባ» ብሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ስለ ደኅንነት ጥቂት ከተጠያየቁ በኋላ የሚሄድበትን ይናገራል። መልሱ ብዙ ጊዜ «ይቺው ናት ልጄ፤ ከጋራው ኋላ» የሚል ነው። «ይቺው ናት» የተባለችው መንደር ሁለት ሰዓት ብታስኬድ መንገደኛው አይቈጣ። ቃሉ የሚደክመውን ሰው ለማበርታት የተነገረ ነው እንጂ የርቀት መለኪያ አይደለም። ቀጥሎም «ከመስጊዱ በላይ፣ ከወይራው ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» እየተባለ አቅጣጫው ይመለከትለታል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጐራብቶ የሚኖር በመሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ።

በየተዳፋቱ የሚታዩት የድንጋይ እርከኖችም የሚጠየቅባቸው ናቸው። ወሎ በ1965ና በ1966፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በጽኑ ረሀብ ተመትቷል። በነዚያ ዓመታት መካከልና ከዚያም በኋላ ገበሬው በምግብ ለሥራ እየተሰማራ ብዙ ተራራ አጥሯል። እርከኑን የካበ አባት በአካባቢው ከተገኘ፣ የትኛው ካብ በማን እጅ እንደ ተሠራ ሊናገር ይችላል።

አምባሰል የሚለው ስም ከተራራው አልፎ በሙዚቃችን ውስጥም ገብቷል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚታወቁት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው። የአገሩ ገዥዎች «ጃንጥራር» በሚል ማዕርግ ይጠሩ ነበር፤ እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው።

ከሐይቅ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የግሸን አምባ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ የዙፋን ጠብ እንዳይነሣ ሲሉ ወንዶች ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን በዚህ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከዚህ ግዞት ወጥተው ነው ዘውድ የጫኑት። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» በተባለው መጽሐፍ የሐበሻ ልዑላን ተዘግተው የሚኖሩበትን ስፍራ ለምለም ሸለቆ አድርጎታል። ወደ ግሸን በእግሩ የወጣ ሰው ግን ነገሩ አቀበት እንጂ ሸለቆ አለመሆኑን ጕልበቱ ይነግረዋል። የጌታ መስቀል ግማድ በዚህ ስፍራ እንዳረፈ ስለሚታመን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ቀድሞ ተሳላሚው ብዙ ቀን በእግሩ ተጕዞ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን መንገድ በመኪና ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የቀድሞ ማረፊያዎችን፣ ምንጮችንና መሻገሪያዎችን በስም የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከደሴ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ውጫሌ ደግሞ ለቋንቋ ተማሪ የተለየ ቦታ ናት። በአቅራቢያዋ ባለው በይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስለምታደርገው መላላክ የሚናገር ነበር። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ይህ ግስ ፈቃድን ያመለክታል፤ ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። የኢጣልያ መንግሥት ግን በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን እንደ ግዴታ ተርጕሞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ አስታወቀ። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ተፈረደ። በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ምክንያት ስንት ሰው እንዳለቀ ለማሰብ ከይስማ ንጉሥ ሜዳ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ጊዜ የክረምቱ ዝናብ ካባራበት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ነው። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው ከየካቲት በኋላ ጭቃ ሊያጋጥም ይችላል። ማልዶ መነሣት፣ ውኃና ዱላ መያዝ፣ በእህል ማሳ ውስጥ አለመግባት ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በዚህ መንገድ ላይ አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ጸጥታ እንደየጊዜው የተለያየ በመሆኑ የቀበሌውን ሰዎች ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

ጉዞውን የሚያደርግ ተማሪ ደብተር ቢይዝ መልካም ነው። የምንጩን፣ የመሻገሪያውንና የጋራውን ስም የሰማውን ያህል ሳያስተካክል ይጻፍ። ስሙ ከምን እንደ መጣ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሩት ሁለቱንም ያስፍር፤ የተናጋሪው መንደርና ግምታዊ ዕድሜም ከጐኑ ይመዝገብ።