የጉም አገር ሌሊትና የደጃፋችን ካሜራ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ መካነ ሰላም ከተማ ከሚገኘው ግቢያችን በሌሊት አንድ ሙክት ተሰረቀ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የሰቀልነው የጥበቃ ካሜራ ነበረንና ሲነጋ የቀረጸውን ለማየት ተቻኮልን። በስክሪኑ ላይ የተገለጠው እንደ ወተት የነጣ ጉም ነው፤ በጉሙ መካከል ጋቢ የተከናነበ ሰው በውጭው በር በኩል ሲያልፍ ይታያል። ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ «ይህማ የእገሌ ልጅ ነው፤ አረማመዱን ተመልከቱ» አሉ። ሌላውም ተስማሙ። ከቀትር በፊት ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር። እኛም፣ ፊዚክስ እናስተምራለን የምንል ሰዎች፣ ያን ካሜራ ስንሰቅል አንዲት ስሌት እንኳ እንዳልሠራን ያወቅነው የዚያን ዕለት ነው።

ለመሆኑ ካሜራ በጨለማ እንዴት ያያል? የካሜራው ዓይን ከሲሊከን የተሠራ ሴንሰር ነው። ሲሊከን በብርሃን ኃይል ኤሌክትሮኑን የሚለቀው የፎቶኑ ኃይል ከ1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ሲበልጥ ነው፤ ይህም እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ያጠቃልላል። የሰው ዓይን ግን ከ700 ናኖሜትር በላይ ያለውን እምብዛም አያይም። በዚህ ልዩነት በመጠቀም አምራቾች በሌንሱ ዙሪያ 850 ናኖሜትር የሚያመነጩ ትንንሽ የታህተ ቀይ መብራቶችን ይደረድራሉ። ቀን ቀን ታህተ ቀይ ጨረር ቀለሙን እንዳያበላሽ ከሴንሰሩ ፊት ማጣሪያ መስታወት ይቆማል፤ ሲመሽ ማጣሪያው ይነሣል፤ በምሽት ከካሜራው የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅም የዚሁ ነው። ተማሪዎች ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያሻቸውም። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ሞባይል ካሜራ አዙሮ ቁልፉን መጫን ይበቃል፤ ዓይን የማያየው መብራት በስክሪኑ ላይ ብልጭ ሲል ይታያል። የአንዳንድ ሞባይል የኋላ ካሜራ ማጣሪያው ጠንካራ ስለሆነ በፊተኛው መሞከር ይሻላል።

በካርቶኑ ላይ «ሌሊት እስከ 30 ሜትር ያያል» የሚል ጽሑፍ አለ። ነገር ግን ከትንሽ መብራት የሚወጣ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳል። ከካሜራው 5 ሜትር ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘውን ብርሃን 14 ሜትር ላይ ያለው ሰው ስምንተኛውን ብቻ ያገኛል። የእኛ በር ከካሜራው የሚርቀው ልክ 14 ሜትር ነበር።

ጉሙስ? መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ወደ 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ በክረምት፣ በተለይ ወደ ሳይንትና ለጋምቦ ከፍታዎች ሲወጣ፣ ጉም የሌሊቱ ባለቤት ነው። ብዙዎች «ታህተ ቀይ ጨረር ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል» ሲሉ እንሰማለን። ለደጃፍ ካሜራ ይህ እውነት አይደለም። የጉም ጠብታ ስፋት በአብዛኛው ከ5 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው፤ የመብራቱ የሞገድ ርዝመት ደግሞ 0.85 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ጠብታው ከሞገዱ እጅግ ስለሚበልጥ ታህተ ቀዩን እንደሚታየው ብርሃን እኩል ይበትነዋል። መብራቱ ከሌንሱ ጎን ተለጥፎ ሲገኝ የተበተነው ብርሃን መጀመሪያ የሚመለሰው ወደ ሌንሱ ነው። በጉም ውስጥ የመኪናውን ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር ነጭ ግድግዳ የሚገጥመው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የካሜራውን መብራት አጥፍቶ በሩ አጠገብ፣ ከሌንሱ ራቅ ብሎ ሌላ አምፖል መስቀል። የሸረሪት ድርም ቢሆን ከሌንሱ ፊት ሲዘረጋ እንደዚሁ ያንጸባርቃልና በየሳምንቱ መጥረጊያ አይጠላም።

አሁን ወደ ክርክሩ ዋና ነገር እንምጣ። በምስሉ ላይ ያለውን ሰው ማንነት መለየት ይቻል ነበርን? ካሜራው ባለ 2 ሜጋፒክስል ነው፤ በአግድም 1920 ፒክስል ይደረድራል። የሌንሱ የትኩረት ርቀት 2.8 ሚሊሜትር፣ የሴንሰሩ ስፋት 5.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ14 ሜትር ርቀት የሚታየው ሜዳ ስፋት 14 በ5.6 ተባዝቶ ለ2.8 ሲካፈል 28 ሜትር ይሆናል። 1920 ፒክስል ለ28 ሜትር ሲከፋፈል ለአንድ ሜትር 68 ብቻ ይደርሰዋል። 16 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ፊት በዚህ ስሌት 11 ፒክስል ነው። ኢኤን 62676-4 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ሰው መኖሩን ለማወቅ ለአንድ ሜትር 25 ፒክስል፣ የምናውቀውን ሰው ለመለየት 125፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ይጠይቃል። እንግዲህ ጎረቤቶቻችን «አወቅነው» ያሉት ለማወቅ ከሚያስፈልገው ግማሽ በሚያህል መረጃ፣ ያውም በጉም ውስጥና በጋቢ ተሸፍኖ ነው። የቀረውን የሞላው አእምሯቸው ነበር።

ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈን ለሽማግሌዎቹ አስረዳን። አንደኛው ሽማግሌ ስሌቱን ትተው «ፊቱ የት አለ? አሳዩን» አሉ። ማሳየት አልቻልንም። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ሙክቱም አልተገኘም።

የመኖሪያ ቤት ካሜራ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። በኒውዮርክ ኩዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን፣ ፖሊስ ሲጠራ ይዘገይ ስለነበር፣ ከባለቤቷ ከአልበርት ብራውን ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራዋ የባለቤትነት መብት አመለከተች፤ መብቱንም በ1969 አገኘች። የእርሷ ካሜራ በበሩ ላይ በተለያየ ከፍታ ከተበሱ ቀዳዳዎች ኋላ ከፍ ዝቅ እያለ የጎብኚውን ፊት በቅርብ የሚያይ ነበር። እኛ ግን ሰፊ ቦታ ማየትን ፊት ከማየት ጋር አንድ አድርገን ቆጠርነው።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውነታችን በይበልጥ የሚያመነጨው በ9.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ነው፤ ይህን ለማወቅ የቪንን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። ሴንሰሩ የሚነቃው ይህ ሙቀት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ነውና በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን በቀላሉ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ የሚመጣውን በጭንቅ ያውቃል። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰው በብርድ ሌሊት ውጫዊ ሙቀቱ ከአየሩ ጋር ይቀራረባል፤ ሴንሰሩም ሊያልፈው ይችላል። ያልለበሰው ጅብ ግን ሁልጊዜ ይቀረጻል!

ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት ለአካባቢያችን ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ምስላቸውን ወደ ሩቅ ሰርቨር ብቻ የሚልኩ ካሜራዎች ዕውር ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ በውስጡ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ይመረጥ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ስድስት ቀን ገደማ ያቆያል። 5 ዋት የሚወስድ ካሜራ በቀን 120 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ይይዛል፤ ባትሪው እንዲበረክት ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል ስምንት ሰዓት ነው። ሶላር ለሚያስቡ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በእኛ ኬክሮስ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ስለሆነም ለክረምቱ ሲባል ፓነሉን ወደ ደቡብ አብዝቶ ማዘንበል ኪሳራ ነው። ረጅም ሽቦም መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ ቮልቴጅ ይቀበላልና መሬት ላይ ማሰር አይዘነጋ።

ካሜራው የጎረቤትን ጓሮ እንዳያይ ማዞር ግን ከፊዚክስ ውጭ የሆነ ግዴታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321ም ተጨምሮበታል። አብዛኞቹ ካሜራዎች በምስሉ ላይ የማይቀረጽ ጥቁር ክፍል ለመከለል ያስችላሉ፤ እኛም የአጥሩን ማዶ በዚሁ ሸፍነነዋል።

አዲሱን ካሜራ ከበሩ 6 ሜትር ርቀት፣ በ2.5 ሜትር ከፍታ፣ በ6 ሚሊሜትር ሌንስ ተክለነዋል፤ ለአንድ ሜትር 343 ፒክስል ይደርሳል። አምፖሉ በሩ ላይ ነው። በነሐሴ አንድ ጉማም ምሽት ልንፈትነው ስንነሣ፣ ያን ወጣት ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ እንዲቆምልን ጠየቅነው። በጨዋ ደንብ አመስግኖ እንደማይመቸው ነገረን። ስለዚህ ጋቢውን ለብሰን የቆምነው እኛው ነን፤ ፊታችን 55 ፒክስል ወጣ።