የፑዪ ለ ፎር በጎች
ክፍል አራት፦ ቴሌግራሙ

ባለፈው ሳምንት መርፌው ቆዳ ውስጥ እንደገባ ጥያችሁ ሄድኩ። እንደረገማችሁኝ አውቃለሁ። እሺ፣ እንቀጥል።

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1881። ከፓሪስ ወጣ ባለው፣ ፑዪ ለ ፎር በሚገኘው የሮሲኞል እርሻ 48 በጎች፣ 2 ፍየሎችና 10 ከብቶች አሉ። 24ቱ በጎች፣ አንዱ ፍየልና 6ቱ ከብቶች ሁለት ጊዜ ተከትበዋል፤ የቀሩት ምንም አልቀመሱም። ያን ቀን ግን ሁሉም እኩል የአባ ሰንጋ ጀርም ተወጉ። ተጠራጣሪዎቹ የእንስሳት ሐኪሞች አንዱን ከተከተበ፣ አንዱን ካልተከተበ እያፈራረቁ አስወጉ፤ መጠኑንም ሦስት እጥፍ አስደረጉ። የክትባቱ ባለቤት፣ ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር ደግሞ አስቀድሞ ለሕዝብ ተናግሯል፦ ያልተከተቡት በጎች በሙሉ ይሞታሉ፣ የተከተቡት በሙሉ ይተርፋሉ። አንድ በግ ብትከዳው ጉዱ ፈላ!

«ከዳችው እንዴ?» ቆይ፣ አትቸኩሉ።

በማግስቱ ማታ ክፉ ወሬ መጣ። ከተከተቡት መካከል አንዷ በግ ትኩሳት ይዟታል፤ መትረፏ ያጠራጥራል። ፓስተር ረዳቱን ሩን ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ተቆጣው። እኔ ሩን ብሆን ያን ሌሊት በሩን ዘግቼ እወጣ ነበር።

ጁን 2 ጠዋት ቴሌግራም ደረሰ፤ ከእርሻው ባለቤት ከሮሲኞል። አስደናቂ ድል ይላል!

ከሰዓት በኋላ ፓስተር ሲደርስ ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ካልተከተቡት በጎች 21ዱ ሞተዋል፤ ፍየሉም እንደዚያው። ሌሎች ሁለት በጎች ተመልካች ፊት ተንፈራግጠው ወደቁ፤ የመጨረሻው ከመምሸቱ በፊት ተከተላቸው። የተከተቡት ቆመው ይግጣሉ። የሞተ በግ የሚገፍፍ እረኛ፣ ሱፍ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ይህ በሽታ ይተላለፍበት እንደነበር ካስታወሳችሁ፣ ጭብጨባው ለምን እንደዚያ እንደጋለ ይገባችኋል።

ታሪኩ አለቀ ብላችሁ መጽሔቱን ልታጥፉ ነው አይደል? አትጠፉብኝ።

ያን ቀን ያጨበጨበው ሁሉ የክትባቱ ጀርም የተዳከመው ፓስተር በሚያወራለት ዘዴ፣ በኦክስጅን፣ መስሎታል። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ግን በሌላ መንገድ የተሠራ ነበር። ፓስተር ያውቃል። ረዳቶቹ ሩና ሻምበርላንድ ያውቃሉ። የላቦራቶሪ ደብተሩም ያውቃል፤ ለማንም እንዳታሳዩ ብሎ ለቤተሰቡ የተናዘዘበት ደብተር።

ቱሉዝ ውስጥ ደግሞ ቱሴን የሚባል የእንስሳት ሐኪም አለ፤ ከዓመት በፊት የአባ ሰንጋን ክትባት በኬሚካል ሞክሯል። ፓስተር አጣጥሎት ነበር።

ደብተሩን የምንገልጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ይቀጥላል።