የቤት ውስጥ የውኃ ማጣሪያ በትክክል መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ከዕቃ ማጠቢያ ሥር ወይም ከቧንቧ ጫፍ የተገጠመ ማጣሪያ ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ውኃ ስለሰጠ ብቻ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት አይቻልም። እርሳስም ሆነ ባክቴሪያ በዐይን አይታይም። እርግጡን የሚናገረው ልኬት ነው፤ ልኬቱም ከሚፈለገው ነገር ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ቲዲኤስ የሚለካው

ብዙዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ እስክሪብቶ የመሰለው የቲዲኤስ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙን ለክቶ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም ጨውና ማዕድን እንደሟሟ ይገምታል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ ለሚሠራ ማጣሪያ ይህ ተገቢ ፈተና ነው። ሲገባ 300 የነበረው ቁጥር ሲወጣ 30 ከሆነ፣ ከሟሟው ውስጥ 90 በመቶው ተወግዷል። ውጤቱ በየወሩ ሲመዘገብ መቶኛው እየቀነሰ ከመጣ፣ ሜምብሬኑ ማርጀቱን ወይም ውኃ ሳይጣራ የሚያልፍበት ክፍተት መኖሩን ይጠቁማል።

በከሰል ብቻ የሚሠራ ማጣሪያ ግን ክሎሪንንና ሽታን እንጂ የሟሟ ጨውን አያስቀርም። ስለዚህ የቲዲኤሱ ቁጥር አለመለወጡ የብልሽት ምልክት አይደለም። ለዚህ ዐይነቱ የሚስማማው፣ ቀለሙን በሚለውጥ የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት የገባውንና የወጣውን ውኃ ማነጻጸር ነው።

መሣሪያው የማያየው

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የእርሳስ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ሚሊግራም መቶኛ ነው። በሙሉ ሚሊግራም የሚቆጥር መሣሪያ ይህን ሊያይ አይችልም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ፍሎራይድም ከሌላው ጨው አይለይም፤ የፍሎራይዱ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ባክቴሪያን ደግሞ ፈጽሞ አይቆጥርም። ዝቅተኛ ቁጥር እንግዲህ መልካም ምልክት እንጂ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

የእርሳስ ቧንቧ ባልተነሣባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ አሮጌ ቤቶች፣ ወይም ውኃ በጣሪያ ላይ ታንከር በሚጠራቀምባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕንፃዎች የሚኖር ቤተሰብ ቁርጡን የሚያውቀው በላቦራቶሪ ነው። ለእርሳስ ምርመራ፣ ቧንቧው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ውኃ ይቀዳል። ለባክቴሪያ፣ ላቦራቶሪው በሚሰጠው ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ተቀድቶ በቅዝቃዜ ሳይዘገይ ይደርሳል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ሁለት ናሙና የላከ ቤተሰብ፣ የውኃውን ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ያወጣበት ማጣሪያ ምን እንደሚሠራም ያውቃል።