ደስታን መመዘን ይቻላልን? የዩቲሊቴሪያኒዝም ሒሳብና ያስከተለው ለውጥ

አንድ ሕግ ወይም አንድ ድርጊት መልካም ነው፣ ሌላው ግን ክፉ ነው ብለን ስንፈርድ መለኪያችን ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጠው ቆይቷል። አንዳንዱ ሃይማኖታዊ ትእዛዝን፣ አንዳንዱ የአባቶችን ልማድ፣ ሌላው ደግሞ የራሱን ኅሊና መለኪያ ያደርጋል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር መልክ የያዘ አንድ የፍልስፍና ዘርፍ ግን የተለየ መልስ አቀረበ። የድርጊት መልካምነት የሚለካው በውጤቱ ነው፤ ውጤቱም የሚለካው ለሚመለከታቸው ሁሉ ባስገኘው ደስታና ባደረሰው ሥቃይ ነው አለ። ይህ አስተሳሰብ ዩቲሊቴሪያኒዝም ወይም የጠቀሜታ ፍልስፍና በመባል ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የሐሳቡን አመጣጥ፣ በተግባር ያስከተለውን ለውጥና እስከ ዛሬ ያልተፈታውን ችግር እንመለከታለን። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሐሳቡ አመጣጥ

መልካም ድርጊት ለብዙዎች የላቀ ደስታን የሚያስገኝ ነው የሚለውን አነጋገር ፍራንሲስ ሃችሰን በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ መመሪያ ለሕግ ተጠቀመበት። ሐሳቡን ወደ ተሟላ ሥርዓት የለወጠው ግን የሕግ ምሁሩ ጄረሚ ቤንታም (1748-1832) ነው።

ቤንታም በ1789 ባሳተመው ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሕግ አወጣጥ መርሖዎች በሚያትት መጽሐፉ፣ ደስታና ሥቃይ በሰባት ነገሮች ሊመዘኑ ይችላሉ አለ። እነርሱም ጥንካሬያቸው፣ የሚቆዩበት ጊዜ፣ እርግጠኝነታቸው፣ ቅርበታቸው፣ መሰላቸውን የመውለድ አቅማቸው፣ ከተቃራኒያቸው ጋር ያልተቀላቀሉ መሆናቸውና የሚነኳቸው ሰዎች ብዛት ናቸው። በዚህ ሒሳብ የመኳንንት ደስታ ከገበሬ ደስታ አይበልጥም። እያንዳንዱ ሰው የሚቆጠረው እንደ አንድ ብቻ ነው። ሹመትና የዘር ሐረግ በገነኑበት ዘመን ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር።

ከዚህ ነጥብ ብዙ ነገር ይከተላል። ቅጣት ራሱ ሥቃይ ስለሆነ ተገቢ የሚሆነው የበለጠ ሥቃይ የሚያስቀር ሲሆን ብቻ ነው። እንስሳትም ቢሆኑ መናገርና ማሰብ ባይችሉ እንኳ መሠቃየት እስከቻሉ ድረስ ከሒሳቡ ሊወጡ አይገባም። ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ ለሀብታም የተጨመረ አንድ ሳንቲም ለድሃ የተጨመረውን ያህል ደስታ አይሰጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ብሂልም የሚያመለክተው ከዚህ የማይርቅ እውነት ነው፤ የነገሩ መጠን ሳይለወጥ አከፋፈሉ ብቻ ውጤቱን ይለውጠዋል።

ቤንታም መርሖውን እስከ ሞቱ ድረስ አክብሯል። ከሞት በኋላ ሰውነቱ ለሕያዋን ይጠቅም ዘንድ ለአካል ጥናት ትምህርት እንዲውል የተናዘዘ ሲሆን፣ አጽሙ ልብሱን እንደለበሰ ዛሬም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል።

አንድ ሰው፣ ሁለት ውጤት

ይህ ሒሳብ ወደ መንግሥት ሥራ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ አስተውሎ የሚያሳየን የቤንታም ጸሐፊ የነበረው የኤድዊን ቻድዊክ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ የ1834ቱን የእንግሊዝ የድሆች ሕግ እንመልከት። ሕጉ የተመሠረተበትን ዘገባ በዋናነት ካዘጋጁት አንዱ ቻድዊክ ነበር። በዚያ ዘገባ መሠረት ጉልበት ያለው ችግረኛ እርዳታ የሚያገኘው «የሥራ ቤት» በተባሉ የድሆች ማቆያዎች ውስጥ ሆኖ ነው። የማቆያው ኑሮም ከውጭ ከሚገኘው ከዝቅተኛው የቀን ሠራተኛ ኑሮ ያነሰ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰዎች ወደዚያ ላለመግባት ሲሉ ጥረው ግረው ያድራሉ፣ የግብር ከፋዩም ሸክም ይቀላል ተብሎ ታሰበ። በሒሳቡ መሠረት የጥቂቶች ሥቃይ የብዙዎችን ጥቅም ያስገኛል ማለት ነው። በተግባር ግን ባል ከሚስት፣ ልጆች ከወላጆች ተለያዩ። በ1845 በአንዶቨር ከተማ በሚገኝ ማቆያ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን የእንስሳት አጥንት እንዲፈጩ የተመደቡ ነዳያን ከረሀብ ብዛት በአጥንቱ ላይ የቀረውን ቅልጥም ሲበሉ መገኘታቸው ተሰማና አገር ተቆጣ። ሕጉን ያስፈጽም የነበረው ኮሚሽንም በ1847 በሌላ አካል ተተካ።

ይኸው ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የጤና አጠባበቅ ያወጣው ዘገባ ግን የተለየ ፍሬ አፈራ። በማንቸስተር ከተማ የባለጸጎች ቤተሰብ አባላት በአማካይ በ38 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ የሠራተኛው ወገን አማካይ 17 ዓመት ነበር። በገጠራማው የሩትላንድ አውራጃ ደግሞ አኃዙ በቅደም ተከተል 52 እና 38 ነበር። አማካዩን እንዲህ ዝቅ ያደረገው በሕፃንነታቸው የሚሞቱት ብዛት መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ የገጠር የቀን ሠራተኛና የማንቸስተር ባለጸጋ እኩል ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ድህነት ብቻ ሳይሆን የከተማው ውኃና ቆሻሻ ጭምር መሆኑን አኃዙ ይመሰክራል። ቻድዊክ በሽታ የሚመጣው ከብስባሽ ከሚወጣ መጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ስለነበር ስለ መንስኤው ተሳስቷል። ሆኖም ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ይሠራ፣ ወጪውም በሽታው ከሚያስከትለው ኪሳራ ያንሳል ያለው ትክክል ነበር። ክርክሩም በ1848 ለወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ መንገድ ጠረገ።

ታዲያ አንዱን መርሖ አንድ ሰው ሲጠቀምበት እንዲህ የተለያየ ውጤት ያስገኘው ለምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ልዩነቱ የሚገኘው በማን ሥቃይ እንደተቆጠረ ነው። በ1842 ማንም ልብ ያላለው የሠራተኛው ሕፃን ሞት ተቆጥሮ በሒሳቡ ውስጥ ገባ። በ1834 ግን በማቆያው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ሥቃይ ሌላውን ማስፈራሪያ መሣሪያ እንጂ በሚዛን ላይ የሚቀመጥ ዕዳ ሆኖ አልታየም።

ከሚል እስከ ዘመናችን

ጆን ስቱዋርት ሚል (1806-1873) ፍልስፍናውን ለማረም ሞክሯል። በ1861 ባወጣው ጽሑፍ ደስታዎች በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም እንደሚበላለጡ አስረዳ። በ1859 ስለ ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ብዙኃኑ ጥቂቶችን እንዳይጨቁኑ የግለሰብ ነጻነት መከበር አለበት ብሎ ተከራከረ። በ1867 የፓርላማ አባል ሳለ ለሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጥ ያቀረበው ማሻሻያ በ196 ተቃውሞና በ73 ድጋፍ ወደቀ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ፒተር ሲንገር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የቤንታምን ሐሳብ በመከተል ለእንስሳት ጥብቅና ቆመ።

ዛሬ ይህ ሒሳብ በጉልህ የሚታየው በጤና ዘርፍ ነው። በ1999 በእንግሊዝ የተቋቋመው ስለ አዳዲስ ሕክምናዎች ምክር የሚሰጠው ተቋም፣ በሕይወት ጥራት የተመዘነ ዕድሜ በሚባል መለኪያ ይጠቀማል። በሙሉ ጤንነት የተኖረ አንድ ዓመት 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ በሕመም የተኖረ ዓመት እንደ ክብደቱ ከዚያ ያንሳል። ለምሳሌ 4 ዓመት በ0.5 ጥራት የሚያስገኝ ሕክምና ዋጋው 2 ሲሆን፣ 3 ዓመት በ0.9 ጥራት የሚያስገኘው 2.7 ነው። ወጪያቸው እኩል ከሆነ ሁለተኛው ይመረጣል። ገንዘብ ውስን በሆነበት ሁኔታ ያለ አንዳች መለኪያ መወሰን ዘመድ ላለውና ድምፁ ለሚሰማ ማድላት ነውና የዘዴውን ጥቅም አንክድም።

ነገር ግን የቆየው ችግር እዚህም ይገጥመናል። የዕድሜ ልክ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ኑሮ 0.6 ተብሎ ቢመዘን፣ የእርሱን ሕይወት ለ10 ዓመት ማትረፍ 6 ነጥብ ብቻ ያስገኛል፤ የሌላው ሰው ግን 10 ነው። በዚህ ስሌት ጉዳተኛው አስቀድሞ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ዳግመኛ ሊጎዳ ይችላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮውልስ በ1971 በጻፈው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ያነሣው ዋና ተቃውሞ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሰው ነገ ለሚያገኘው ጥቅም ዛሬ መከራን ቢቀበል ኪሳራውም ትርፉም የራሱ ነው። በኅብረተሰብ ዘንድ ግን የሚከስረው አንዱ፣ የሚያተርፈው ሌላው ነው። ድምሩ ይህን ልዩነት ይሰውረዋል።

በአጠቃላይ ሲታይ ዩቲሊቴሪያኒዝም ለሥነ ምግባር ያበረከተው ታላቅ ነገር ውጤትን በማስረጃ የመመርመር ልማድ ነው። ያለ እርሱ የማንቸስተር ሕፃናት ሞት የዕጣ ፈንታ ነገር ተብሎ በታለፈ ነበር። ድክመቱም የሚመነጨው ከዚያው ከድምሩ ነው። ስለዚህ «ለብዙኃኑ ጥቅም» የሚል ዕቅድ ሲቀርብልን ድምሩ ስንት ነው ብለን ብቻ ልናልፍ አይገባም። በሒሳቡ ውስጥ ሳይቆጠር የቀረ ማን ነው? ኪሳራውንስ የሚሸከመው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ነገ ዕቅድ አውጪና ተመራማሪ ከሚሆን ተማሪ ሁሉ የሚጠበቅ ነው።