ታምቡሩ ሲከፈት

የእጅ ፍሬን ስስብ ጥርሱን እቆጥራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ የሳብኩት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ 14 ጊዜ ጮኸ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ጋሼ፣ ድሮስ ስንት ላይ ይይዝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዲያው እስኪይዝ ድረስ እስባለሁ እንጂ ቆጥሬ አላውቅም» አሉኝ። ልጃቸው ከኋላችን ሆና «አባዬ፣ እኔ መንዳት ስማር እኮ እዚህ ጋ ነበር የሚቆመው» ብላ በእጇ ግማሹን አሳየችን።

የኋላ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገረው ያ የእጅ ፍሬን ማንሻ ነው። ቀጥሎ ፔዳሉ ይናገራል፤ ከወትሮው ዝቅ ይላል፣ ደገም አድርገው ሲረግጡት ከፍ ይላል። ከዚህ የበለጠ ምልክት የሚጠብቅ ሰው ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ሸራው የሚይዘው ታምቡርም አብሮ ሄዷል።

ፒካፕ ላይ ነገሩ የሚብሰው ባዶውን ደህና ስለሚቆም ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ባዶው የኋላ አካል ይቀልና አብዛኛው ሥራ በፊት ዲስኮች ላይ ይወድቃል። ከቦሌ መገናኛ ባዶውን የሚመላለስ ሰው የኋላ ሸራው ቢያልቅም «ፍሬኔ ጥሩ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። መምህሩ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ጎጃም ሄደው 8 ኩንታል ጤፍ ጭነው ይመለሳሉ። ከደጀን ጫፍ እስከ አባይ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ከፍታው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። «ባለፈው ስወርድ የፊት ጎማው አካባቢ ሸተተኝ፤ የፊቱን ፍሬን ታየዋለህ?» ብለው ነበር የጠሩኝ። የፊቱ የሸተተው የኋላውን ሸክም ብቻውን ስለተሸከመ ነው።

«በገዛ እጄ ልሥራው፤ አንተ አጠገቤ ሆነህ አሳየኝ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ድሮ ቢሆን እምቢ እል ነበር። ወጣት ሆኜ የሠራሁበት ጋራዥ ውስጥ ደንበኛ «የእጅ ፍሬኑ አልይዝ አለ» ብሎ ሲመጣ ታምቡር አንከፍትም ነበር። ከሥር ገብተን ካቦውን እናጠብቀዋለን፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ማንሻው እንደ አዲስ ይሆናል፤ ሰውየው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ውስጥ ያለው ሸራ ግን ያው ያለቀው ነው። ይባስ ብሎ ካቦው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሸራውን ራሱ የሚያስተካክለው ነገር እንዳይሠራ ሊያደርገው ይችላል። ይህን እኔም አድርጌያለሁ፤ ከእነዚያ መኪናዎች ስንቱ ቁልቁለት እንደወረደ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያን ለማድረግ የደፈርነው ባለቤቱ ደጅ ስለሚቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታምቡር ሲከፈት ባለቤቱ ቢኖር እመርጣለሁ።

ግቢያቸው ሲሚንቶና ለጥ ያለ ስለሆነ ተስማማኝ። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ መኪናውን የሚይዘው የፊት ጎማዎቹ ታኮ ነው። ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረግን፣ ማርሽ አስገባን፣ የጎማውን ቡሎኖች መሬት ላይ እያለ አላላናቸው። መምህሩ ለመደገፊያ ብሎኬት አምጥተው ነበር፤ መለስኩባቸው። ብሎኬት እየተሰነጠቀ አያስጠነቅቅም፤ ባንዴ ይፈርሳል። በክሪክ አንስተን የያዝኩትን የብረት ማቆሚያ ከአክሱ ሥር አስገባን።

ታምቡሩ እምቢ አለ። ዝገት ከመሐሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሸራው የበላው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ የተወው ከንፈርም ከውስጥ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ነው ሰው መዶሻ የሚያነሳው። ታምቡር ግን ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ጠርዙን ከመቱት ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብተው ተራ በተራ፣ እኩል እኩል ሲያጠብቋቸው ታምቡሩን ይገፉታል። መምህሩ ሩብ ዙር ከዚህ፣ ሩብ ዙር ከዚያ እያሉ አጠበቁ፤ «ቷ» ብሎ ለቀቀ።

ጥቁር አቧራ ተዘረገፈ። ልጅቷ በአፏ እፍ ልትለው ጎንበስ ስትል እጇን ያዝኩ። በሙያዬ ውስጥ እንደዚህ የሚያስቆጣኝ ነገር የለም። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ልጆች በኮምፕሬሰር ሲነፉት፣ ፊታቸው ጠቁሮ ሲስቁ አያለሁ። ለብዙ ዓመታት የፍሬን ሸራ ከአስቤስቶስ ይሠራ ነበር፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ካንሰር ከአሥርት ዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዶታል። ገበያ ላይ በእጃችን የሚገባው አሮጌና ርካሽ ሸራ ከምን እንደተሠራ ግን ካርቶኑ አይናገርም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ ሳሙና የገባበት ውሃ፣ ጨርቅና ከሥር የሚቀመጥ ሳፋ። አርጥበን አጠብነው፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥረን ጣልነው።

ከዚያ ቁጭ ብለን አየን። ታምቡር ውስጥ ሁለት ሸራዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከላያቸው ያለችው ትንሿ ፖምፓ ስትገፋቸው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር የፊተኛውን ሸራ ይዞ ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ሸራው ፖምፓዋ ከገፋችው በላይ ይነክሳል። የኋለኛውን ግን እየገፋ ያርቀዋል። ስለዚህ የፊተኛው ቀድሞ ማለቁ የተለመደ ነው። መምህሩ በማስመሪያ ለኩ፤ የኋለኛው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 1 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ድንበር ነው። ዝም ብለው ቆዩና «በዚህ ነው አባይን የወረድኩት?» አሉ።

ቀኙን ፈታን፤ ግራውን ታምቡሩን ብቻ አውጥተን ሆን ብለን እንደተገጠመ ተውነው። ሞላዎቹ፣ ማንጠልጠያዎቹና ጥርስ ያላት ማስተካከያ የቱ ከየት እንደሚገባ ሲጠፋን የምናየው መስታወት ያ ነው። ልጅቷ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ እሱም ይረዳል፤ ግን ፎቶ ሞላው ከሸራው ፊት ይለፍ ከኋላ ሁልጊዜ አያሳይም። የሁለቱ ጎን ማስተካከያዎች እንዳይለዋወጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው። የቀኙ ግራ ላይ ከተገጠመ ሸራውን በማቅረብ ፈንታ ያርቀዋል።

የፖምፓዋን ጎሚኒ ጫፍ በካቻቪቴ ገልጠን ስናይ ከሥሩ እርጥብ ነበር። ላብ ነው ብሎ የሚዘጋ መካኒክ አለ፤ እኔ አልዘጋም። ያ ዘይት ነገ አዲሱ ሸራ ላይ ይደርሳል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ቢታጠብም አይድንም። እርጥበቱ የዲፍረንሻል ዘይት ቢሆን ኖሮ ወፍራምና ጠረኑ ከባድ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ አክሱ ላይ ካለው የዘይት መያዣ ጎማ ነው። የኛው ቀጭን የፍሬን ዘይት ነበር። መምህሩ አሮጌውን ሸራ ለናሙና ይዘው ወደ ሶማሌ ተራ ሄዱ፤ የሁለቱን ጎን ሸራ፣ ሁለት ፖምፓና የሞላ ስብስብ ይዘው መጡ። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ወገን ያስጎትተዋል። የታምቡሮቹን ከንፈር በቶርኖ አስነሱ፤ የውስጥ ስፋታቸው ታምቡሩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ልክ በታች ስለሆነ እድሜ አላቸው።

ሸራው በሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም በስሱ ቀባን፤ አዲሱን ሸራ በንጹሕ እጅ ገጠምን። ፖምፓ ስለተከፈተ አየር ማውጣት ነበረብን። ልጅቷ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠች፤ «ርገጪ፣ ያዢ» እላለሁ፣ አባቷ ከሥር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ «ልቀቂ» እላለሁ። የወጣው አሮጌ ዘይት ቡና መስሎ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ለዚህ ነው ቤት የከረመ፣ ክዳኑ የተከፈተ ዘይት የማልጠቀመው።

ማስተካከያዋን ታምቡሩ በስሱ እስኪሻሽ ድረስ አዞርንና ጥቂት ጥርስ መለስናት። ካቦውን የነካነው ከሁሉ በኋላ ነው። ማንሻውን ልጅቷ ሳበች፤ 7 ላይ ያዘ። መምህሩ ቁጥሩን ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከሥር ሳለሁ ያየሁት ነበር። ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ተጨምሯል። ጭነት እንዳያጎብጠው ብዙ ሰው ያስጨምራል፤ ጥፋት አይደለም። ይህ መኪና ግን ከሻንሲው ወደ አክሱ የሚወርድ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ የኋላው አካል ምን ያህል ዝቅ እንዳለ አይቶ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይመጥናል። ሲጫን ዝቅ ይላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ባሌስትራው ሲጠነክር 8 ኩንታል ተጭኖበትም ብዙ አይወርድም፤ ዘንጉ «ባዶ ነው» ብሎ ያምንና የኋላውን ግፊት ይቀንሳል። አዲስ ሸራ ቢገጠምለትም ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም።

«ቅጠሉን ላስወጣው?» አሉ መምህሩ። አያስፈልግም አልኳቸው፤ ዘንጉ በግፊት መለኪያ ይስተካከላል፤ መለኪያው ግን ጋራዥ ነው ያለው። ሰኞ ይምጡ ተባባልን። በሚቀጥለው ሳምንት ጎጃም ለመሄድ አስበው ኖሯል፤ ዝም ብለው ልጃቸውን አዩ።

«ጤፉ ደጀን ይቆይ፣ አባዬ» አለች፣ እጇን በሳሙና እየታጠበች።