የታመመ የእግር ጥፍር፦ አንሸፍነው፣ አንቆፍረው

በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እግር ጥፍር ሕመሞችና ስለ ሕክምናቸው ነው። ዝግጅቱ ላመለጣችሁና ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ በዚህ ወረቀት ታትሞ ቀርቧል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ እባካችሁ አንብቡላቸው።

«ወባና ተቅማጥ ባለበት ካምፕ የጥፍር ነገር ምን ያወያያል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በካምፕ ኑሮ ውሃ የምንቀዳው፣ ራሽን የምንቀበለው፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር መግል የያዘበት ሰው ሰልፍ መቆም ያቅተዋል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ከጥፍር ሥር የተነሳች ትንሽ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ልታደርስ ትችላለች።

ጥፍር ሲታመም ብዙዎቻችን ከሁለት ነገሮች አንዱን እናደርጋለን። ወይ በካልሲና በጥፍር ቀለም እንሸፍነዋለን፣ ወይ በምላጭና በመርፌ እንቆፍረዋለን። ሁለቱም ይጎዳሉ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? እያንዳንዱ ሕመም የራሱ ምልክት አለው። ምልክቱን ያወቀ ሰው በቤቱ የሚረዳውንና ወደ ክሊኒክ የሚወስደውን ይለያል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንወቅ። ጥፍር የሚያድገው ከቆዳው ሥር ካለው ሥሩ ነው። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ስለዚህ የጥፍር ሕክምና ትዕግሥት ይጠይቃል።

1. ወደ ሥጋ የሚገባ ጥፍር

ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚይዘው አውራ ጣትን ነው። የጥፍሩ ጠርዝ ጎን ያለውን ሥጋ ይወጋዋል። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል፣ ከዚያም ይመግላል። ዋናዎቹ መንስኤዎች ጥፍርን በጣም አሳጥሮና ማዕዘኑን አጥልቆ መቁረጥ እንዲሁም ጣትን የሚያጣብቅ ጫማ ማድረግ ናቸው። በእርዳታ የተገኘ ጫማ ከጠበባችሁ ልካችሁ ለሆነ ሰው ስጡት።

ገና ሲጀምርና መግል ሳይኖረው በቤት ሊረዳ ይችላል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨው ጨምራችሁ እግራችሁን በቀን 3 ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከዚያ በደንብ አድርቁት። ሥጋውን ከጥፍሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉት፤ ከተቻለም የተጠቀለለች ንጹሕ የጥጥ ክር ከጥፍሩ ጠርዝ ሥር አስገቡ፤ በየቀኑም ቀይሯት። እስኪድን ድረስ ሸበጥ ወይም ክፍት ነጠላ ጫማ አድርጉ። ማዕዘኑን ግን እንዳትቆርጡት። ለጊዜው ሕመሙ ቢተውም ሥጋው ውስጥ የቀረችው ስንጥር ስታድግ መልሳ ትወጋለች።

መግል ከያዘ ወይም በጎኑ ቶሎ የሚደማ ትርፍ ሥጋ ከበቀለ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ባለሙያው ጣቱን በመርፌ አደንዝዞ የወጋውን የጥፍር ጎን ብቻ ያወጣል። አንዳንድ ጊዜ ያ ጎን ዳግም እንዳይበቅል ሥሩ ላይ ፌኖል የተባለ መድኃኒት ይደረጋል። ሥጋውን የሚወጋው ጥፍር እያለ አንቲባዮቲክ ብቻ እየገዙ መዋጥ ችግሩን ከሥሩ አይፈታውም።

2. የጥፍር ፈንገስ

ጥፍሩ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ይፈረፈራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጣቶች መካከል ካለ የሚያሳክክና የሚላጥ ቆዳ ነው። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃት ቦታ በተዘጋ ጫማ ውስጥ የሚያልብ እግር ለፈንገስ ይመቻል። ሆኖም የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። መጋጋጥ፣ እርጅናና የቆዳ በሽታም ያወፍሩታል። ስለዚህ ከተቻለ ባለሙያው ጥፍሩን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያስመረምረዋል።

በጣቶች መካከል ያለው ፈንገስ በክሎትሪማዞል ወይም በዊትፊልድ ቅባት ይድናል። ቅባት ወደ ወፈረ ጥፍር ውስጥ ግን እምብዛም አይዘልቅም። ለጥፍር በብዛት የሚታዘዘው ተርቢናፊን የተባለው ኪኒን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት በየቀኑ ይወሰዳል። ጥፍሩ የሚጠራው ግን መድኃኒቱ ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ጭራሽ የማይድንለት ሰውም አለ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም፤ ነፍሰ ጡሮችም ሕክምናውን ከወሊድ በኋላ ማድረግ ይሻላቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኬቶኮናዞል የተባለውን ኪኒን ለጥፍር ፈንገስ ከሱቅ ገዝታችሁ አትዋጡ። ጉበትን በጽኑ ሊጎዳ ስለሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 አጠቃቀሙን ገድቧል። በ2016 ደግሞ ለጥፍር ፈንገስ ታዝዞለት ጉበቱ ተጎድቶ የሞተ ሰው መኖሩን ገልጾ እንደገና አስጠንቅቋል።

«መድኃኒቱ ባይገኝስ?» ትሉ ይሆናል። ስኳር በሽታ ለሌለበት ጤነኛ ሰው፣ የማያም የጥፍር ፈንገስ መልክ ያበላሻል እንጂ አደገኛ አይደለም። ጥፍሩን በውሃ አለስልሶ በራስ ሞረድ ማሳሳት፣ እግርን ማድረቅና ካልሲ በየቀኑ መቀየር ይበቃል። በረኪና፣ ቤንዚን ወይም የባትሪ አሲድ ግን ፈጽሞ አታድርጉበት። ፈንገሱ ሳይጠፋ ሥጋችሁ ይቃጠላል።

3. የጠቆረ ጥፍር

ሙሉ ጀሪካን ወይም ድንጋይ ሲወድቅበት ጥፍር ሥር ደም ይቋጠራል። እንደ ልብ ምት ከወጋችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ክሊኒክ ድረሱ። ባለሙያው ጥፍሩን በጥንቃቄ ቀዶ ደሙን ሲያፈስሰው ሕመሙ ወዲያው ይቀልላል። ጥቁረቱም ከጥፍሩ ዕድገት ጋር ቀስ በቀስ ወደ ፊት እየሄደ ይወጣል።

ሳይመታ የመጣ፣ ወይም ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት የማይሄድ ጥቁረት ግን ይመርመር። በጥቁር ሰዎች ጥፍር ላይ ቀጫጭን ጠቆር ያሉ መስመሮች መታየታቸው የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያሠጋው በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ጥፍሩን አልፎ ቆዳውን የሚያጠቁር መስመር ነው። ይህ ሜላኖማ የተባለ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ታዋቂው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ካንሰር ነበር። መጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በኋላ ወደ ሌላው አካሉ ተሠራጭቶ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ።

4. ሙጃሌ

ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ፉንዛ ይሉታል። በጥፍር ዙሪያ የሚገባ የአሸዋ ቁንጫ ነው። መካከሏ ጥቁር ነጥብ ያላት ነጣ ያለች እብጠት ትታያለች፤ ታሳክካለች፣ ታማለች። በእሾህና ለሁሉም በሚያገለግል አንድ መርፌ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም መንጋጋ ቆልፍና ሌላ ቁስል ያመጣል። መርፌው ከሰው ወደ ሰው ሲዞርም የደም በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ዳይሜቲኮን የተባለው ቅባታማ መድኃኒት ሙጃሌውን ያለ መቆፈር አየር አሳጥቶ ይገድለዋል። ክሊኒክ ጠይቁ። ልጆቻችሁ ጫማ ያድርጉ፤ የቤታችሁን ወለልም ውሃ እየረጫችሁ ጥረጉ።

5. ስለ ውበት

እግርን ማሳመር ነውር የለበትም። እንሶስላም ሆነ ንጹሕ ቀዩ ሂና ጥፍር አይጎዳም። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ዱቄት የተቀላቀለበት «ጥቁር ሂና» ግን ቆዳን ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል፤ እህቶቻችን፣ በተለይ ለሠርግ ስትዘጋጁ ተጠንቀቁ።

የጥፍር ቀለም በታመመ ጥፍር ላይ አትቀቡ። ለጤነኛውም ቢሆን በየጊዜው አስለቅቃችሁ ጥፍሩን እዩት። ጥፍሩ ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትን ስስ ቆዳ አታስቆርጡ፤ እርሱ ጀርም እንዳይገባ የሚከላከል በር ነው። ወደ ውበት ሳሎን ስትሄዱ የራሳችሁን መቁረጫ ይዛችሁ ሂዱ። የጋራ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ለ20 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ መቀቀል አለበት። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሁን፤ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋሉና።

6. የስኳር በሽታ ያለባችሁ

ስኳር በሽታ የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝና የደም ዝውውርን ሊቀንስ ይችላል። ቢወጋችሁም ላይሰማችሁ ይችላል። የሥጋ ደዌ ይዟቸው እግራቸው ለደነዘዘም ይህ ምክር ያገለግላል። እግራችሁን በየማታው እዩ፤ ማየት የሚያዳግታችሁ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ይይላችሁ። ውሃ በክርን ሳትለኩ እግር አታስገቡ፤ ለረጅም ጊዜም አትዘፍዝፉ። ወደ ሥጋ የገባን ጥፍር ራሳችሁ አትነካኩ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ።

ማንኛችሁም ብትሆኑ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ የምትሄዱት፦

– ቅላቱ ከጣቱ አልፎ ወደ እግር ሲወጣ፤
– ትኩሳት ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ሲኖር፤
– ጣቱ ሲጠቁር ወይም ሲሸት፤
– መንጋጋ አልከፈት ሲል ነው።

አድማጮቻችን፣ ጥፍር ከገላ መታጠብ በኋላ ሲለሰልስ፣ በጣቱ ጫፍ ልክ፣ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ከዚህ ሁሉ ችግር ብዙውን ያስቀራል። ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ጥፍራችሁን በብርሃን እዩት። የልጆቻችሁንና የአዛውንቶቻችሁንም እዩላቸው፤ አጎንብሰው መቁረጥ የማይችሉ አባቶችና እናቶች በየቤቱ አሉና። ለዛሬ በዚህ አበቃን።