«ማጽኛ» ወይስ «ማዝለቂያ»? የአንጀት ብግነት ሕክምና ቃላት በአማርኛ

አንድ የሕክምና ተቋም ለሕሙማን የሚታደል የመድኀኒት መግለጫ በአማርኛ አዘጋጅቶ እንዳርመው ሰጥቶኝ ነበር። በመግለጫው ውስጥ «ከመነሻው ሕክምና በኋላ የማጽኛ ሕክምና ይከተላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ይህንኑ በቂርቆስ አካባቢ ለሚኖሩ አንዲት እናት ባነብላቸው፣ «ውይ! ደግሞ ጸናባቸው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ተርጓሚው «ጸና» ሲል መቆምን፣ መርጋትን ማለቱ ነው፤ ሕመም ሲጸና ግን በሽተኛው ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

መግለጫው የሚመለከተው ክሮን የተባለውን ሕመምና የትልቁን አንጀት ቁስለታማ ብግነት ነው። እነዚህን ሁለቱን «የአንጀት መቆጣት» በሚል ስም መጥራት ስሕተት ነው። በዚህ ስም የሚጠራ፣ ሆድን የሚያውክ ነገር ግን አንጀትን የማያቈስል ሌላ ሕመም አለና፣ እዚህ የምንነጋገርባቸው መድኀኒቶችም ለዚያኛው አይሰጡም። ስለዚህ «ብግነት» የሚለው ይጠበቅ።

ከመድኀኒቶቹ ቀዳሚው ኢንፍሊክሲማብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ለክሮን ሕመም ተፈቀደ። ሥራውም ብግነትን የሚያነሣሣውን ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለ ፕሮቲን ይዞ ማገድ ነው። በደም ሥር በመጀመሪያው ቀን፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት ይሰጥና ከዚያ ወዲያ እንደ ደንቡ በየ8 ሳምንቱ ይቀጥላል። ይህንን ተከታታይ ክፍል «ማዝለቂያ» ብዬዋለሁ። «ክረምቱን ዘለቀ» እንደሚባለው፣ ቃሉ ጊዜንም ጽናትንም ይዟል፤ የሕመም መባስን ግን አያሰማም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የከበደው ቃል ሕመሙ ጸጥ የሚልበትን ሁኔታ የሚሰይመው ነው። መግለጫው «ስርየት» ብሎታል። ስርየት የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ የተሰረየ ኀጢአት ተደመሰሰ ማለት ነውና ሰሚው ፈጽሞ እንደ ዳነ ይቈጥራል። ድኛለሁ ያለ ሰው ደግሞ ቀጠሮውን ይተዋል። ኢንፍሊክሲማብ ተቋርጦ ሲጀመር ሰውነት በመድኀኒቱ ላይ ፀረ አካል የማበጀቱ ዕድል ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ መድኀኒቱ ሊሰንፍ፣ ሲሰጥም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። እኔ «ጋብታ» የሚለውን አቀርባለሁ። ቃሉ አዲስ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ጋብ ሲል ጃንጥላውን የሚጥል የአዲስ አበባ ሰው የለም።

«ባዮሎጂክ» የሚለውን መተርጐም ያስፈልጋልን? መድኀኒቶቹ ከሕያዋን ሕዋሳት ስለሚመረቱ «ሕያው መድኀኒት» የሚሉ አሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም መድኀኒቱን የሚወስድ ሰው «ሕያው ክትባት» እንዳይወስድ ይከለከላልና፣ አንዱን ሕያው ውሰድ፣ ሌላውን ሕያው ተው ማለት ይሆናል። ባዮሎጂክ እንዳለ ይግባ። ካዛንቺስም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው፣ ማለትም ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው የጣሊያን ተቋም አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው፤ ማንም ሳይተረጉመው አማርኛ ሆኗል፤ በ2017 ዓ.ም. ብዙው የሠፈሩ ክፍል ሲፈርስም ስሙ አልፈረሰም።

የአሰጣጡ ስልት ሁለት ነው። አንደኛው ከቀላሉ ጀምሮ ካልበጀ ወደ ብርቱው መውጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው በብርቱው መጀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታተመ፣ የክሮን ሕመም በቅርቡ የታወቀባቸውን 386 የብሪታንያ ሕሙማን የተመለከተ ጥናት ለሁለተኛው ስልት ጐልቶ አድልቷል። መግለጫው ግን ይህንኑ የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትሎ «ከላይ ወደ ታች ሕክምና» ይለዋል። «ከላይም ከታችም አጣደፈው» በሚባልበት አገር፣ ያውም ለአንጀት ሕመምተኛ! «በብርቱ የመጀመር ስልት» ቢባል ይበቃል።

የቀረው «ነቀርሳ» ነው። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግድ መድኀኒት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ ምርመራ ይደረጋል። የአንጀት ቲቢና ክሮን ደግሞ በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ቲቢ በበዛበት እንደኛ ባለ አገር ሐኪሙ ሁለቱን ሳይለይ አይጀምርም። ነገር ግን ነቀርሳ ለሳንባው ሕመምም ለካንሰርም የሚነገር ሆኖ ሳለ፣ መግለጫው «የአንጀት ነቀርሳ ምርመራ ይደረግልዎታል» ይላል። በዚያው በቂርቆስ ያነበብኩላቸው እናት እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። «የቲቢ ምርመራ» ብዬ አርሜ መለስኩት።